አቃቂ ላይ የቆመው ባቡር



በትምህርት ቤት ሳላችሁ «ባቡር አዲስ አበባ የገባው መቼ ነው?» ተብላችሁ ተጠይቃችሁ ይሆናል። መልሱ ግንቦት 30 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። ይህን የጻፈ ተማሪ ሙሉ ማርክ ያገኛል። እኔ ፈታኝ ብሆን ኖሮ ግን ሁለተኛ ጥያቄ እጨምርበት ነበር፤ «ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታትስ ባቡሩ የት ነበር የሚቆመው?» ብዬ።

ይህን የሚመልስ ብዙ ሰው አይገኝም። ባቡሩ የሚቆመው አቃቂ ነበር። ሐዲዱ አቃቂ የደረሰው በ1907 ዓ.ም. ገደማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 ነው። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የመጣ ባቡር፣ ከከተማይቱ በር ላይ ደርሶ ሁለት ዓመት ቆመ። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህች ከከተማ ዳር ስላለች ጣቢያ ነው። ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ወደ መጨረሻው ላይ የእናንተንም ኪስና የእናንተንም ሰዓት የሚነካ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በመጀመሪያ ባቡሩ እንዴት አቃቂ እንደ ደረሰ እንመልከት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው አሳብ ሐዲዱን ሐረር ከተማ ድረስ ማስገባት ነበር። ነገር ግን የሐረር ተራራ አስቸጋሪ ሆነ፤ ወጪውም የማይቻል ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ሳይወጣ ከግርጌው ባለው ሜዳ ላይ ቀረ፤ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. የደረሰበትም ስፍራ አዲስ ሐረር ተባለ። ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ ናት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ድሬዳዋ በመጀመሪያ የሐረር የዳር ጣቢያ ነበረች ለማለት ይቻላል። ሐረር የሚሄድ መንገደኛ እዚያ ወርዶ በበቅሎ ዳገቱን ይወጣ ነበር። ነገር ግን ጣቢያው፣ የባቡር መጠገኛው ወርክሾፕ፣ ጉምሩኩና ነጋዴው በዚያ በሜዳው ላይ ስለ ሰፈሩ፣ የዳር ጣቢያ የነበረችው ራሷን የቻለች ትልቅ ከተማ ሆነች። አባቶቻችን «ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል» ይላሉ። ባቡር ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዳሩ መሀል ይሆናል።

ከድሬዳዋ በኋላ ገንዘቡ አለቀ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያም በባቡሩ ላይ ማን ሥልጣን ይኑረው በሚለው ነገር ሲከራከሩ ዓመታት አለፉ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተዋውሎ ሌላ ኩባንያ፣ የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ተረከበ፤ ሐዲዱም እንደ ገና ወደ ምዕራብ መገስገስ ጀመረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ አቃቂ የደረሰው ፈቃዱ ከተሰጠ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ፈቃዱን የሰጡት አፄ ምኒልክ ይህን አላዩም፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አርፈው ነበር። ፈቃዱን የተቀበለው ኢልግም በታኅሣሥ ወር 1908 ዓ.ም. በሀገሩ በስዊስ ሞተ፤ ያን ጊዜ ባቡሩ ገና አዲስ አበባ አልገባም ነበር። አንዱ ያቀደውን ሌላው እንደሚፈጽመው ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

እንግዲህ እነዚያን ሁለት ዓመታት በአሳባችሁ ተመልከቱ። አንድ ነጋዴ ጅቡቲ ላይ ባቡር ተሳፈረ እንበል። በዚያ ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለ ነበረ፣ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ሦስት ቀን ሆነ ማለት ነው። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን አቃቂ ሲደርስ ሐዲዱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ እንደ አባቶቹ ዘመን በበቅሎ ወይም በእግር ነው፤ ጭነቱም ከፉርጎ ወርዶ እንደ ገና በአህያና በበቅሎ ይጫናል። 23 ኪሎ ሜትር ለደህና እግረኛ አምስት ሰዓት ያህል ነው። ክረምት ከሆነ ጭቃው፣ ምንጭና ወንዝ የሞላ እንደ ሆነም የመሻገሩ ጣጣ ይጨመርበታል።

ይህ መንገደኛ አዲስ አበባ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «መንገድ እንዴት ነበር?» ብላ ብትጠይቀው የሚነግራት ስለየትኛው መንገድ ይመስላችኋል? ስለ 700ው ኪሎ ሜትር ነው ወይስ ስለ 23ቱ? እኔ ስለ 23ቱ ይመስለኛል። ሰው የሚያስታውሰው የደከመበትን ነውና።

በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ አቃቂ የመንገዱ መጨረሻ መሆኗ ቀረና ከዋና ከተማው በር ላይ ያለች ትንሽ ጣቢያ ሆነች። ትንሽ ጣቢያ ግን ሥራዋ ትንሽ አይደለም። መንገደኛው በመስኮት የሚያየው አንድ ቤት፣ አንድ ደወልና አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ከበስተ ጀርባው ግን ብዙ ነገር አለ።

የጅቡቲና የአዲስ አበባ የድሮው መንገድ አንድ ሐዲድ ብቻ ያለው ነበር። በአንድ ሐዲድ ላይ ከወዲህ አንድ ባቡር፣ ከወዲያ ሌላ ባቡር ቢመጣ ማን ለማን ይለቃል? በቅሎ ብትሆን ወደ ዳር ፈቀቅ ትላለች፤ ባቡር ግን ፈቀቅ አያውቅም። ስለዚህ በጣቢያዎች ላይ ከዋናው ሐዲድ ጎን ሁለተኛ ሐዲድ ይዘረጋል፤ አንደኛው ባቡር ወደዚያ ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። የጣቢያው ሹም ከሚቀጥለው ጣቢያ ሹም ጋር በሽቦ ተነጋግሮ መንገዱ ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ ባቡሩን አይለቅም። መንገደኛው «ምን ያቆመናል?» እያለ ሲያጉረመርም፣ ሹሙ ነፍሱን እየጠበቀለት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ውኃ ነው። በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር እንደ በቅሎ ይጠማል፤ ከሰልና እንጨት ቢኖረው እንኳ ውኃ ከሌለው አይንቀሳቀስም። በእንፋሎቱ ዘመን ጣቢያዎች የሚሠሩበት ቦታ ሲመረጥ ውኃ መኖሩ አንዱ ምክንያት የሚሆነው ስለዚህ ነው። ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በናፍጣ የሚሠሩ ባቡሮች ሲመጡ ይህ ጥም ቀረ።

ሦስተኛው ጭነት ነው። ቡና፣ ቆዳና ሌጦ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ጨው፣ ጨርቅ፣ ብረትና ማሽን ከወደቡ ይወጣል። ለባቡር ኩባንያ ሰው ከሚያስገባለት ገንዘብ ይልቅ ጭነት የሚያስገባለት ይበልጥ ነበር።

አራተኛው፣ በየትም መጽሐፍ የማይጻፈው፣ ገበያ ነው። ባቡሩ ሲቆም እናቶችና ልጆች ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ፍራፍሬና ሸንኮራ ይዘው ወደ መስኮቱ ይቀርባሉ። በአንደኛ ማዕረግ የተቀመጠውም በሦስተኛ ማዕረግ የተጨናነቀውም እጁን በመስኮት አውጥቶ የሚገዛው ከአንዲት ቅርጫት ነው። ባቡሩ ሲነቀሳቀስ መልስ ያልተቀበለ መንገደኛ ሲጮህ፣ ልጁም ከባቡሩ ጎን እየሮጠ ሳንቲሙን ሲያቀብለው ያየ ሰው፣ ንግድ በምን ላይ እንደሚቆም ያለ አስተማሪ ይማራል።

እንዲህ እንዲህ እያለ አቃቂ አደገች። በ1927 ዓ.ም. የሬዲዮ ጣቢያ በዚያው አካባቢ ተመረቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጠላት ሲመጣ የኢትዮጵያ ድምፅ ወደ ውጭ ዓለም የተሰማው ከዚያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተተከሉ። ፋብሪካ ሐዲድ ባለበት፣ ውኃ ባለበትና ሰፊ ሜዳ ባለበት ቢተከል አያስደንቅም፤ አቃቂ ሦስቱም ነበራት። እርግጥ ነው፣ የመኪናውም መንገድ ረድቷል፤ ሁሉንም ለባቡር መስጠት ግፍ ይሆናል። ዛሬ አቃቂ ከቃሊቲ ጋር ሆና ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዷ ናት። ያን ጊዜ የአምስት ሰዓት የእግር መንገድ የነበረው አሁን በስም አንድ ከተማ ነው።

ለገሃርም ቢሆን ታሪኩ ከዚህ አይለይም። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ጣቢያ ማለት ነው፤ ስለዚህ «ለገሃር ጣቢያ» ስንል «ጣቢያ ጣቢያ» ማለታችን ነው። ትልቁ የጣቢያ ሕንፃ በኅዳር ወር 1922 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የከተማው እምብርት አራዳ ነበር፤ ጣቢያው ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ከከተማው በስተደቡብ ዳር የተቀመጠ ነው። ከጣቢያው ደጃፍ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ አራዳ የሚወጣው ሰፊ ጎዳና፣ ዛሬ ቸርችል ጎዳና የምንለው፣ ጣቢያውን ከከተማው ጋር አገናኘ። በጎዳናው ግራና ቀኝ ሱቁ፣ ሆቴሉ፣ ባንኩና መሥሪያ ቤቱ ተሠራ፤ ለገሃርም ዳር መሆኑ ቀርቶ መሀል ሆነ። እንግዲህ ልብ ልትሉት የሚገባው ይህን ነው፤ ጣቢያውን መሀል ያደረገው ሕንፃው አይደለም፣ ከደጃፉ የወጣው መንገድ ነው።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው የድሮው ባቡር አገልግሎቱ ቆመ። ሐዲዱ አርጅቶ፣ ባቡሮቹ ተሰብረው፣ የጭነት መኪናውም ሥራውን ወስዶበት ነበር። በአቃቂ የሚያልፈው ፊሽካም ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላ አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር መጣ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ይህ መንገድ የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው «ለምን በአሮጌው ሐዲድ ለገሃር ድረስ አይገባም?» ብሎ ይጠይቃል። አይችልም። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። ፈጣን ባቡር ደግሞ በጠባብ ቦታ መታጠፍ አይሆንለትም፤ ቀጥ ያለ መንገድና ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። ይህን በተሠራ ከተማ መካከል ለማግኘት ብዙ ሺህ ቤት ማፍረስ ይጠይቃል። ስለዚህ አዲሱ ሐዲድ ከሰበታ ተነሥቶ ከተማውን በስተደቡብ በኩል እየዞረ ያልፋል። የአዲስ አበባ ሰው የሚሳፈርበት ጣቢያ ፉሪ ለቡ ሆነ፤ ለጭነቱ ደግሞ እንዶዴ ላይ፣ ከድሮዋ አቃቂ ብዙ ሳይርቅ፣ ሰፊ ጣቢያ ተሠራ። ከዚያ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ እያለ ይወርዳል። በድሬዳዋም አዲሱ ጣቢያ ከከተማው መሀል ወጣ ብሎ ነው የተሠራው።

እንግዲህ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። ባቡሩ እንደ ገና ከከተማው በር ላይ ቆሟል። የአቃቂ 23 ኪሎ ሜትር በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል።

ጣቢያ ዳር መሠራቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ድሬዳዋም፣ አቃቂም፣ ለገሃርም ዳር ነበሩ። ጥያቄው ከጣቢያው ደጃፍ በኋላ ምን አለ የሚለው ነው። የከተማው ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ተዘርግቶ ነበር። በአሮጌው ለገሃር አጠገብ ያልፋል፤ ለቡ ግን አልደረሰም። ሁለት ባቡር ያላት ከተማ ሁለቱ ባቡሮች አይተዋወቁም ማለት ነው። በመካከላቸው ያለውን የሚሞላው አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱና የኮንትራት ታክሲው ነው።

ይህ ለባለ መኪና ብዙም ነገር አይደለም። ለእናንተ ግን ነገር ነው። ከድሬዳዋ መጥቶ አዲስ አበባ የሚማር ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ወይም አዲስ የተቀጠረ ጸሐፊ ወደ ተመደበበት ከተማ ሻንጣና ፍራሽ ይዞ ሲነሣ፣ የባቡሩን ቲኬት ዋጋ ጠይቆ «ርካሽ ነው» ይላል። በማለዳ ጣቢያው ለመድረስ የከፈለው የታክሲ ሒሳብ ግን ከቲኬቱ ጋር አብሮ አይደመርም። ደመወዙ ለወር የማይበቃ ሰው ሒሳቡን አሳንሶ ማስላት አይገባውም።

ስለዚህ ለመሄድ ስታስቡ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፉ። አንደኛው ከቤታችሁ እስከ ጣቢያው፣ ሁለተኛው በባቡሩ፣ ሦስተኛው ከወረዳችሁበት ጣቢያ እስከምትሄዱበት ቤት። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ቁጥር አስፍሩ፤ ሰዓቱንና ገንዘቡን። ከዚያ ደምሩ። ድሬዳዋን ያህል ሩቅ ለሚሄድ ሰው መካከለኛው መስመር ረጅም ስለ ሆነ የባቡሩ ጥቅም ዳርና ዳር ያለውን ድካም ሊያስረሳ ይችላል። አዳማን ያህል ቅርብ ለሚሄድ ግን ዳርና ዳሩ መካከለኛውን ሊበልጥበት ይችላል፤ ያን ጊዜ አውቶቡስ መሳፈር ነውር አይደለም። ደግሞም ባቡር በየሰዓቱ እንደሚመጣ አውቶቡስ አይደለምና፣ የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ «ስድስት ሰዓት» ሲሏችሁ በሀገር ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ሰዓት አረጋግጡ። ወደ ጅቡቲ የምትሻገሩ ከሆነ ፓስፖርታችሁን እንዳትረሱ።

ይህ ለመንገደኛው ነው። ሌላ ነገር ደግሞ አለኝ። ዛሬ የምታነቡኝ ተማሪዎችና ጀማሪ ሠራተኞች፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፕላን የሚነድፉት፣ በጀት የሚጽፉት፣ ፋይል ላይ ፊርማ የሚያኖሩት እናንተ ናችሁ። አንድ ቀን ከጠረጴዛችሁ ላይ የጣቢያ፣ የሆስፒታል፣ የትምህርት ቤት ወይም የገበያ አዳራሽ ፕላን ይቀርብላችኋል። ሕንፃው ያምራል፤ ጣሪያው፣ መስተዋቱ፣ አዳራሹ ሁሉ በደንብ ተሥሏል። ያን ጊዜ ጣታችሁን በወረቀቱ ላይ ከተሣለው በር ላይ አኑሩና «ከዚህ በር የወጣ ሰው በምን ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ፕላኑ ገና አላለቀም፤ አቃቂ ላይ ቆሟል።

ምናልባት «ከተማው ራሱ አድጎ ይደርስበታል» የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ አድጋ አቃቂ ደርሳለች። ለቡም ሩቅ የሚባልበት ዘመን ማለፉ አይቀርም፤ ዙሪያው አሁንም ቤት እየሆነ ነው። ነገር ግን ከተማው አቃቂ እስኪደርስ ድረስ ስንት ሰው ዕድሜውን እንደ ፈጀ አስቡ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከባቡሩ ወርደው ዕቃቸውን በአህያ የጫኑት ሰዎች የእኛን ዘመን ከተማ አልጠበቁም፤ የፈለጉት ያን ቀን ቤታቸው መግባት ነበር። በሻንጣው ላይ ተቀምጦ ታክሲ የሚጠብቀውም ተማሪ እንደዚሁ ነው።

እንግዲህ ታናሽ ወንድማችሁ ወይም ታናሽ እኅታችሁ የታሪክ ደብተር ይዘው «ባቡር አዲስ አበባ የገባው መቼ ነው?» ቢሏችሁ፣ «በ1909 ዓ.ም.» በሏቸው፤ ማርካቸውን እንዳያጡ። ቀጥሎ ግን ስለ አቃቂና ስለ 23ቱ ኪሎ ሜትር ንገሯቸው።

እስከ ሳምንት በደኅና ሰንብቱ።